እናቱን ሳታይ ብር እንዳትልክ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ማታ ነው ያነበብኩት፣ ሳልመልስልህ ማለፍ ከበደኝ። እዚህ አዳማ የሚሸጥ የ45 ቀን የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ በቴሌግራም አይተሃል። ሻጩ «ክትባቱን ጨርሷል» ብሎሃል። እናቱ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ናት፣ ግማሹን ብር ዛሬ በቴሌብር ካላስገባህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ይላል። ሰውዬው ይታመናል ወይ ነው ያልከው። እኔ ብሆን አልልክም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እኛም እንዲሁ ገዛን፣ እዚሁ አዳማ። ሻጩ ቤቱን አላሳየንም። ፖስታ ቤት አካባቢ ጠብቁኝ አለና ቡችላውን በካርቶን ይዞ በባጃጅ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ የተቀደደ ሹራብ ተነጥፎ ነበር፣ ሹራቡ ርሷል። ልጄ ቡችላውን አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው፣ ከዚያ በኋላ ማናችንም ጥያቄ አልጠየቅንም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር፣ እኛ የጠገበ መስሎን ደስ አለን። ለካ ወስፋት ነው።

በአራተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ። ማታ አስመለሰው። ሊነጋ ሲል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው፣ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፣ እንደ ዝገት ያለ ነገር ነው። ሐኪሙ ገና ሲያየው ፓርቮ ነው አለ፣ የቡችላ አንጀት የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ነው። ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ ሁለት ቀን ታገለ፣ በሦስተኛው ሞተ። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሻጩ ጋ ስደውል «ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር» አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም።

እና ያ አባባሉ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ከባዱም ነገር ይሄ ነው። ፓርቮ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ቡችላው በምትገዛው ዕለት እየዘለለ፣ የጫማህን ክር እየጎተተ፣ በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላል። የቡችላውን መልክ አይተህ ስለ ሻጩ ብዙ ነገር አታውቅም። የሚነግርህ ያደገበት ግቢና እናቱ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «እናቱን ማየት እችላለሁ?» ብለህ ነው። 45 ቀን የሆነው ቡችላ ገና ከእናቱ ጋር መሆን ነበረበት፣ መለየት ያለበት ቢያንስ 8 ሳምንት፣ እንደኛ አቆጣጠር 60 ቀን ገደማ ሲሞላው ነው። እናቱ አዲስ አበባ ከሆነች እሱ አዳማ ምን ይሠራል? ወይ ሰውዬው ከሌላ ገዝቶ የሚቸረችር ነው፣ ወይ ያለ ጊዜው ነጥሎታል። ሁለቱም አይሆኑህም። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲናከስና ሲጮኹበት ነው የንክሻውን ልክ የሚማረው፣ ያ ካመለጠው በኋላ ልጆችህ እጅ ላይ ይማረዋል። ደግሞ በየወሩ አዲስ ቡችላ የሚለጥፍ ሰው ከሆነ ጠርጥር። ውሻ ለሁለት ወር ገደማ ታረግዛለች፣ ወንድ የምትፈልገውም በየስድስት ወሩ ገደማ ነው፣ ከአንዲት እናት በየወሩ ቡችላ አይመጣም።

ክትባቱን በተመለከተ ደግሞ አጭር ነው፦ የ45 ቀን ቡችላ ክትባቱን ሊጨርስ አይችልም። የመጀመሪያው የሚሰጠው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የሚደጋገመው ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ገና ሰውነቱ ውስጥ እያለ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ በተለምዶ ሦስት ወር አካባቢ ነው የሚሰጠው። ካርዱን ክፈትና እይ። የእኛ ካርድ ላይ የሦስት ክትባት ቀን ተጽፎ ነበር፣ ሦስቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ትክክለኛ ካርድ ላይ ከክትባቱ ብልቃጥ ተልጦ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኖራል። ካርዱ ላይ የሐኪሙ ስልክ ካለ ሻጩ ፊት ደውል፣ አያሳፍርም።

ሁለተኛውን ውሻችንን ለመግዛት ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅን፣ ምክንያቱም የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። የገዛነው እዚሁ አዳማ ከምትኖር አንዲት ሴትዮ ነው። እሷ ቤት ስንሄድ እኛ ሳንጠይቃት እሷ ትጠይቀን ጀመር። አጥራችሁ ምን ዓይነት ነው? ቀን ቤት ማን ይውላል? አስራችሁ ነው የምታውሉት? በዚህ ሙቀት ጥላ አለው? ባለቤቴ ትንሽ ተናደደ፣ እኔ ግን ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። ቡችላው የት እንደሚሄድ ግድ የሚሰጣት ሰው ናት።

እናቲቱ ከጓሮ መጣች። ከስታለች፣ ጡቶቿ ተንጠልጥለዋል፣ የምታጠባ ውሻ እንደዚያ ነው። ጮኸችብን፣ ሴትዮዋ አንገቷ ላይ እጇን ስታሳርፍ ዝም ብላ እግሯ ሥር ተኛች። ስትነሳና ስትራመድ ደጋግሜ አየኋት፣ ጀርመን ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚበዛበት ዘር ነውና የኋላ እግሯ ሲንገዳገድ ወይም ለመነሳት ስትቸገር ካየህ ልጇን አትግዛ።

ከዚያ «እዚህ ግቢ ቡችላ ሞቶ ያውቃል?» አልኳት። ሳታቅማማ «አምና ሁለት ሞቱብኝ» አለችኝ። ሲሚንቶውን በበረኪና እንዴት እንዳጠበች፣ ስንት ወር ሳታስወልድ እንደቆየች ነገረችን። ለእኔ ከካርዱም ከምኑም በላይ ያሳመነኝ ይሄ መልስ ነው። ብዙ ዓመት አርብቶ «አንድም ሞቶብኝ አያውቅም» ከሚለኝ ሰው እሷን አምናለሁ። ቡችላውን ያኔ አልሰጠችንም፣ 60 ቀኑ ሲሞላ ኑ አለች። ቀብድም አልተቀበለችም።

ስለዚህ ለሰውዬህ እንዲህ በለው፦ እናቱ ያለችበት ድረስ በራሴ ወጪ እመጣለሁ፣ አዲስ አበባም ቢሆን። እሺ ካለ ሂድና እይ። ሰበብ ካበዛ ተወው፣ ለሌላ ሰው ይስጠው። ተስማምታችሁ ከገዛህ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ሐኪም እንደምታሳየውና ከታመመ እንደሚመልስልህ በወረቀት አስፈርመው። ሐኪም ከቸገረህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው፣ ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ መንገድ ላይ አታውርደው፣ አቅፈህ ውሰደው።

ያቺ ሴትዮ አሁን ቡችላ ይኑራት አይኑራት አላውቅም፣ ነገ ደውዬ እጠይቅልሃለሁ። ካላት ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ባለቤቴ ነፃ ነን፣ አብረን እንሄዳለን።