ስልኬ 7 ደቂቃ ይላል፣ ዳገቱ ግን አያልቅም

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ደሴ ለሥራ ተዛውሬ መጥቻለሁ። ስልኬ 7 ደቂቃ የሚለኝ የእግር መንገድ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ የእግር መንገዱ ከነጭራሹ ይጠፋል። ሰው ስጠይቅ ሆጤ የሚባለውን ሰፈር ጠቅሰው «ከሆጤ ከፍ ብለህ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስልክዎ የነገረዎት የሜዳ ሰዓት ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው 600 ሜትር 7 ደቂቃ ይሆናል። ተራራ ወጪዎች ግን ለየ10 ሜትሩ ሽቅብ 1 ደቂቃ ይጨምራሉ። መንገዱ 80 ሜትር ከወጣ 8 ደቂቃ ተደመረ ማለት ነው፤ ሩብ ሰዓትዎ ይኸው።

ጂፒኤስ ራሱ ዳታ አይፈልግም፤ ዳታ የሚፈልገው ካርታው ነው። ጉግል ማፕስ ላይ ካርታውን አስቀድመው ቢያወርዱም ያለ ዳታ የሚያገኙት የመኪና መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ባለበት ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን አፕ ከነካርታው ያውርዱ። ያለ ዳታ የእግር መንገድ ያወጣል፤ የዳገቱንም ከፍታ ከሥር በመስመር ይስላል። ያንን መስመር ሳያዩ አይነሱ። የሰፈር ደረጃና አቋራጭ ካርታው ላይ ካልተሳለ ግን የትኛውም አፕ በአስፋልቱ ያዞርዎታል።

ቦታ በስሙ ሲፈልጉም ይጠንቀቁ፤ ከደሴ አጠገብ ካለችው ሌላ፣ ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ ምሥራቅ ሐረርጌም አለ። ሰው ሎኬሽን ሲልክልዎ ከቤት ውጭ ቆሞ ይላክ። በነጥቧ ዙሪያ ያለው ፈዛዛ ክብ የስህተቱ ስፋት ነውና እስኪጠብ ይታገስ። የደረሰዎትን ቦታ ሴቭ ሲያደርጉ የሰፈሩ ሰው በሚጠራው ስም ይጻፉት፤ ባጃጅ ነጂ የሚያውቀው እሱን ነው።

«ከፍ ብለህ» የሚሉዎት ሰዎች ትክክለኛ አቅጣጫ እየሰጡዎት ነው፤ ደሴ የምትነገረው በዳገትና በቁልቁለት ነው። የስልኩን ቀስት ብቻ የሚከተል እንግዳ ወር ሙሉ ተመላልሶም ሰፈሩን ላያውቅ ይችላል፤ የሚያሳዝነን ይሄ ነው። የጦሳ ተራራ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። በቀኝዎ ከሆነ ፊትዎ ወደ ደቡብ፣ በግራዎ ከሆነ ወደ ሰሜን ነው። መጀመሪያ ሆጤን ጠይቀው ይድረሱ፤ ከዚያ ጦሳን አይተው «ከፍ» የሚሉት በየት በኩል እንደሆነ ይለዩ። ስልኩን የሚያወጡት ለመጨረሻዋ መታጠፊያ ይሁን፤ ክረምት ላይ ጉም ጦሳን ሲሸፍነው ግን ከመነሻው ይክፈቱት።