ወደ ቀድሞው አክሰስ የተመለሱ ፎርሞች ለምን ይበላሻሉ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ መሥሪያ በሆነው በአክሰስ 2010 የሠራሁት የዕቃ መቆጣጠሪያ ዳታቤዝ አለኝ። የሚገለገሉበት ሠራተኞች ኮምፒዩተር ላይ ያለው አክሰስ 2003 ስለሆነ ፋይሉን በአሮጌው የኤምዲቢ ዓይነት አስቀምጬ ላክሁላቸው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ አላስቀምጥም ብሎኝ ነበር፤ ፎቶ የሚያያዝበትን ዓምድ ካጠፋሁ በኋላ ግን ተቀበለኝ። አሁን ሰንጠረዦቹ ሁሉ በደንብ ይከፈታሉ፤ ችግሩ ያለው መረጃ በሚገባባቸውና በሚታይባቸው ገጾች፣ ማለትም ፎርሞቹ ላይ ነው። አንደኛው ገና ሲከፈት ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። በሌሎቹ ላይ አዝራሮቹ ቢጫኑ አይሠሩም፤ የዕለቱን ቀን የሚያመጣው ተራ ፈንክሽን እንኳ አልታወቀም ይላል። ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር የሚባለውን የጥገና ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ምንም ለውጥ አላየሁም። ፎርሞቹን ማዳን ይቻላል ወይስ እንደ አዲስ ልሥራቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንደ አዲስ መሥራት አያስፈልግዎትም። በገለጻዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበው ይታያሉ፤ ከእነርሱም በእርግጥ ብልሽት ሊባል የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ አዲሱ አክሰስ የሚያውቀውን ነገር አሮጌው ባለማወቁ የመጡ ናቸው። ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር ለውጥ ያላመጣውም የሚጠግነው ሰንጠረዦችን፣ ኩዌሪዎችንና ኢንዴክሶችን እንጂ ፎርሞችን፣ ሪፖርቶችን፣ ማክሮዎችንና ሞጁሎችን (ተከታታይ ትእዛዞችንና የኮድ ስብስቦችን) ስላልሆነ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሠላሳ ጊዜ ቢደግሙት ያው ነው። ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ግን የ2010ሩን ዋና ፋይል፣ የሚቻል ከሆነም የፎቶው ዓምድ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ቅጂ፣ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ጥገናው የሚጀመረው ከእርሱ እንጂ ከተላከው ኤምዲቢ አይደለምና።

ቀላሉን እናስቀድም። የቀኑ ፈንክሽን አልታወቀም የተባለው ፈንክሽኑ ጠፍቶ አይደለም። እያንዳንዱ ዳታቤዝ ኮዱ የሚደገፍባቸው የኮድ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር አለው፤ ከእነዚህ አንዱ በኮምፒዩተሩ ላይ ካልተገኘ ቪቢኤ (የአክሰስ ኮድ የሚጻፍበት የቪዥዋል ቤዚክ ቋንቋ) ከጎደለው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ፈንክሽኖች ጭምር መለየት ያቅተዋል። የእርስዎ ፋይል ቁጥሩ 14.0 የሆነውን የኦፊስ 2010 ቤተ መጻሕፍት ይዞ ሄዷል፤ ኦፊስ 2003 ግን ቁጥሩ 11.0 ነው። (ኦፊስ 2007 ቁጥር 12.0 ሆኖ ተከታዩ 14.0 የሆነው 13 ስለተዘለለ ነውና በመካከል የቀረ ቨርዥን ያለ አይምሰልዎት።) አክሰስ ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲሻገር ይህን ዝርዝር በራሱ ያስተካክላል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን እንዳለ ይተወዋል። በ2003ቱ ኮምፒዩተር ላይ ኦልትና ኤፍ 11ን አንድ ላይ ተጭነው የኮዱን መጻፊያ ይክፈቱ፤ ከቱልስ ሜኑ ሪፈረንስስ የሚለውን ሲመርጡ ከፊቱ «ሚሲንግ» የተጻፈበት መስመር ያገኛሉ። የዚያን መስመር ምልክት ያንሡና በምትኩ ኮዱ ሰንጠረዦቹን የሚያገኝበትን የዳኦ 3.6 ቤተ መጻሕፍት ይምረጡ፤ ቀጥሎም ከዲበግ ሜኑ ኮዱን ኮምፓይል ያድርጉት (ማሽኑ ወደሚረዳው መልክ ይለውጡት)። ኮምፓይሉ «ፒቲአር ሴፍ» የሚል ቃል ላይ ከቆመ፣ ይህ ቃል ከኦፊስ 2010 ጋር የመጣው የቪቢኤ 7 ስለሆነ 2003 አያውቀውም፤ ቃሉን ማጥፋትና «ሎንግ ፒቲአር» የተባለውን ወደ «ሎንግ» መለወጥ ይበቃል።

የአዝራሮቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ከአክሰስ 2007 ጀምሮ አዝራር ሲሠሩ የሚረዳው ዊዛርድ ቪቢኤ በመጻፍ ፈንታ በፎርሙ ውስጥ የተሰወረ ማክሮ ያስቀምጣል፤ እንዲህ ያለው ማክሮ በ2003 አይሠራም። ስለዚህ በ2010ሩ ፋይል እያንዳንዱን ፎርም በዲዛይን ቪው (ፎርሙ በሚነደፍበት እይታ) ከፍተው የፎርሙን ማክሮዎች ወደ ቪዥዋል ቤዚክ የሚቀይረውን ትእዛዝ ይስጡ። በዚያው በ2010 የመጡትን የናቪጌሽንና የዌብ ብራውዘር ኮንትሮሎች (በፎርም ላይ የሚቀመጡ ክፍሎች) አውጥተው በተራው ታብ ኮንትሮል ወይም በአዝራሮች ይተኩ። ሥዕል ያለባቸው ፎርሞች ካሉዎትም በአሁኑ ዳታቤዝ ኦፕሽኖች ውስጥ ሥዕልን ወደ ቢትማፕ የሚለውጠውን ምርጫ ያብሩና ሥዕሎቹን እንደገና ያስገቡ።

አሁን ፕሮግራሙን ወደሚዘጋው ፎርም እንምጣ። አክሰስ የፎርሙን ኮድ የሚያስቀምጠው በሁለት መልክ ነው፦ አንዱ እርስዎ የሚያነቡት ጽሑፍ ሲሆን ሌላው ማሽኑ ለራሱ አዘጋጅቶ በጎን የሚያስቀምጠው ኮምፓይል የተደረገ ቅጂ ነው። ጽሑፉ ደኅና ሆኖ ሳለ ይህ የጎን ቅጂ ከቨርዥኑ ጋር ካልተስማማ ወይም በከፊል ከተጻፈ ፕሮግራሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው የጎን ቅጂውን የሚያስወግደው «ዲኮምፓይል» የተባለው መለያ ነው፤ ማይክሮሶፍት በይፋ ያልመዘገበው ቢሆንም የአክሰስ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በአክሰስ ማስነሻ አቋራጭ ላይ ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ እዝባር አስቀድመው ቃሉን ይጽፋሉ፣ ከዚያም የፋይሉን አድራሻ ያስከትላሉ፤ የመነሻ ኮዱ እንዳይሠራ ሺፍትን ተጭነው ይከፍታሉ። ዳታቤዙ ከተከፈተ በኋላ ይዝጉት፣ ኮምፓክት ያድርጉት፣ ኮዱንም እንደገና ኮምፓይል ያድርጉ። ይህ በቅጂ ላይ ብቻ የሚሞከር ነው።

ይህ ካልበቃ ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኛ ግን ከሁሉ የምንመርጠው መንገድ ይቀራል፦ ፎርሙን ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጥቶ መልሶ ማስገባት። ሴቭ አዝ ቴክስት እና ሎድ ፍሮም ቴክስት የተባሉት ሁለት ትእዛዞች (ቃላቱ ሳይነጣጠሉ ይጻፋሉ) ፎርሙን ከነኮዱ በኖትፓድ ወደሚነበብ ጽሑፍ ይለውጡታል፤ በጽሑፍ ሊወጣ የማይችል ብልሽትም እዚያው ይቀራል። በ2010ሩ ፋይል ላይ የኮንትሮልና የጂ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ኢሚዲየት ዊንዶውን (ትእዛዝ ተጽፎ ወዲያው የሚሠራበትን መስኮት) ይክፈቱ፤ በመጀመሪያው ትእዛዝ ፎርምን የሚወክለውን ቁጥር 2ን፣ የፎርሙን ስምና የሚቀመጥበትን አድራሻ ይስጡ። ቀጥሎ ፋይሉን በኖትፓድ ሲከፍቱ አዲሱ አክሰስ የጨመራቸውን፣ አሮጌውም የማያውቃቸውን መስመሮች ማጥፋት ይቻላል። ቼክሰም የሚለው መስመር፣ ስለ ፕሪንተር የሚናገሩት በቁጥር የታጨቁ ረጃጅም ክፍሎች፣ እንዲሁም ኔም ማፕ የተባለው ክፍል ቢጠፉ ፎርሙን አይጎዱትም፤ የፕሪንተር ምርጫውን ብቻ በኋላ እንደገና ይሰጣሉ። ፋይሉን መልሰው ሲያስቀምጡ የዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በቁጥር የሚወክለው ሥርዓት) አቀማመጡን እንዳይቀይሩ ይጠንቀቁ።

ማስገባቱ በ2003ቱ ኮምፒዩተር ላይ ይሁን። እዚያው ባዶ ኤምዲቢ ይፍጠሩ፣ ኔም ኦቶኮሬክት የተባለውን፣ የተለወጡ ስሞችን በራሱ የሚያስተካክለውን ምርጫ ያጥፉ፣ የዳኦ 3.6ን ሪፈረንስ ይምረጡ፣ ሰንጠረዦቹንና ኩዌሪዎቹን ከላኩት ኤምዲቢ ኢምፖርት ያድርጉ፤ ፎርሞቹን ግን ከጽሑፍ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ያስገቡ። ሎድ ፍሮም ቴክስት በዚያው ስም የተቀመጠ ፎርም ካገኘ ሳይጠይቅ በላዩ ይጽፍበታልና ስሙን ልብ ይበሉ። ያልተቀበለው መስመር ሲኖር ዳታቤዙ ባለበት ፎልደር ውስጥ ስሕተቱን የሚገልጽ ፋይል ይተውልዎታል፤ የተጠቀሰውን መስመር አጥፍተው ይድገሙ።

ፎርሙ ከዚህ ሁሉ በኋላም ፕሮግራሙን የሚዘጋ ከሆነ ጥፋተኛው አንድ ኮንትሮል መሆኑ አይቀርም። በአዲስ ባዶ ፎርም ላይ የኮንትሮሎቹን ግማሽ ገልብጠው ይክፈቱ፤ ከተከፈተ ቀሪውን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ይጨምሩ፤ ከተዘጋ ደግሞ የገለበጡትን ግማሽ ራሱን ለሁለት ይክፈሉ። 64 ኮንትሮል ያለበት ፎርም በስድስት ሙከራ አንድ ላይ ይደርሳል። አሰልቺ ቢመስልም ሙሉውን ፎርም ደግሞ ከመሥራት እጅግ ያጥራል።

በመጨረሻ የራሳችንን አስተያየት እንስጥ። ዳታቤዝ ለተለያዩ ቨርዥኖች የሚሄድ ከሆነ መሠራት ያለበት ከተጠቃሚዎቹ መካከል እጅግ አሮጌው ባለው ቨርዥን ነው፤ አሮጌው ፋይል ወደ ላይ ሲወጣ ብዙ አያስቸግርም። ከዚህም በላይ ወደ 2003 መመለሱ የግድ መሆኑን ይመርምሩ፤ ማይክሮሶፍት ከ2007 ጀምሮ ራንታይም የተባለውን፣ ዲዛይን የማያስለውጥ ነገር ግን ፎርሞችን የሚያሠራውን አክሰስ፣ በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ኮምፒዩተሮቹ የሚሸከሙት ከሆነ ፎቶዎን እንኳ ሳያጠፉ መገላገል ይችሉ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ለአንድ አሮጌ ማሽን ብዬ ዳታቤዜን ወደ አክሰስ 97 ቀየርሁት። በፎርሞቹ ላይ በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ፎንት በመለወጥ ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም። ከአክሰስ 2000 ጀምሮ ያለው፣ ጄት 4.0 የተባለው የመረጃ ማከማቻ ሞተር ጽሑፍን በዩኒኮድ ያስቀምጣል፤ የ97ቱ ግን ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሚሰጥ የግዕዝ ፊደል የሚገባበት ቦታ የለውም። በመቀየሩ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር 63፣ ማለትም በጥያቄ ምልክት፣ ስለተተካ በፋይሉ ውስጥ የቀረው ያ ቁጥር እንጂ ፊደሉ አይደለም። ያለዎት መንገድ ከመቀየሩ በፊት ወደነበረው ቅጂ መመለስ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ አማርኛው የጠፋው በቪቢኤ ኮድ ውስጥ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የቪቢኤ መጻፊያ በአዲሶቹ ቨርዥኖችም ቢሆን ዩኒኮድን አይቀበልም። መልእክቶችዎን በሰንጠረዥ አስቀምጠው ኮዱ ከዚያ እንዲያነባቸው ያድርጉ፤ ለአንድ ሁለት ፊደል ብቻ ከሆነ ደግሞ ሲኤችአር ደብልዩ የተባለው ፈንክሽን ይበቃል፤ ለምሳሌ 4608ን ቢሰጡት «ሀ»ን ይመልስልዎታል።