«ፎቶ ላይ እኔን አልመስልም»

ለሥራ የሚሆን ፎቶ ስለመነሳት ከአንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎችና የፎቶ ባለሙያችን መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን በሚቀጥለው ሳምንት ለድረ ገጹ የሁላችንንም ፎቶ ሊያስነሳ ነው። እኔ ግን ፎቶ ላይ አላምርም። መስታወት ፊት ስቆም ደህና ነኝ፤ ፎቶው ሲወጣ አፍንጫዬ ይሰፋል፣ አንዱ ዓይኔ ያንሳል፣ መልኬም ከሆነው በላይ ይጠቁራል። ባለፈው ጊዜ ከፍዬ ሜካፕ ተሠራሁ፤ ፊቴ አመድ የተነፋበት መስሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሲባል ሆዴ ይረበሻል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ «ፎቶ ላይ አላምርም» የሚለውን ካሜራዬ ፊት የሚቀመጡ ሴቶች አብዛኞቹ ገና ወንበሩን ሳይዙ ይነግሩኛል። ስሰማው ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አንቺ ከዘረዘርሻቸው አራት ነገሮች አንዱም የመልክሽ ጉድለት አይደለም። አራቱም ምክንያት አላቸው፣ መፍትሔም አላቸው።

ከዓይንሽ ልጀምር። የማንም ሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የምታውቂው መስታወት ውስጥ ያለውን፣ ግራ ቀኙ የተገለበጠውን ፊት ነው። ፎቶው የሚያሳይሽ ደግሞ ሌላው ሰው ሁልጊዜ የሚያይሽን ነው። ያልለመድሽው ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታይሻል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል፦ ተሳታፊዎቹ የራሳቸውን ፎቶ ሲመርጡ ወደተገለበጠው አደሉ፤ የቅርብ ሰዎቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መረጡ። ስለዚህ ፎቶው ሲመጣ ለብቻሽ አትፍረጂ። አብራሽ የምትሠራ፣ በየቀኑ የምታይሽ ሴት አጠገብሽ ትሁንና እሷ ትምረጥ።

አፍንጫሽን ያሰፋው ርቀት ነው። ካሜራ በጣም ሲቀርብ ከፊታችን ወደ እሱ የወጣው ነገር ሁሉ ይገዝፋል፣ ጆሮ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፊት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ባወጡት ስሌት፣ 30 ሴንቲሜትር ላይ ተይዞ የተነሳ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ስንቷ ሴት ነች በስልክ ሰልፊ ምክንያት አፍንጫዋን የጠላችው! ፎቶ አንሺው ከአንቺ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ 85 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሌንስ ቢያነሳሽ ይህ ችግር የለም። ፊትሽ ድረስ ተጠግቶ ከቆመ «ትንሽ ራቅ ብለህ በሌንሱ አቅርበኝ» በይው። ነውር የለውም፣ የገዛ ፊትሽ ነው።

ስለ መጥቆሩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች በራሳቸው ቆዳ ያሳብባሉ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊት የቱ እንደሆነ፣ ግድግዳ የቱ እንደሆነ ራሱ አይለይም፤ በፍሬሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ከኋላሽ ነጭ ግድግዳ ካለና ነጭ ሸሚዝ ከለበስሽ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ውስጥ ይገባል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ይፈልጋሉ፤ ቢሆንም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። ነገሩ የቆየ በደልም አለበት። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሁሉም ሰው ፎቶ በሷ ቆዳ ልክ ይስተካከል ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የዚያን ቀን ለፎቶ አንሺው «ብርሃኑን ፊቴ ላይ ለካ» በይው። ቃሉን የሚያውቅ ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፎቶዎች በካሜራው ስክሪን ላይ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ፊትሽ ጨልሞ ካየሽ ያን ጊዜውኑ ተናገሪ፤ በኋላ በኤዲት ሊያፈካው ቢሞክር ቆዳሽ ሻካራና ቀለሙ የሞተ ይሆናል። ነጭ ሸሚዝ ከለበስሽም ላዩ ላይ ኮት ብትደርቢበት ነጩ ይቀንሳል።

አመዱ ደግሞ ሁለት መነሻ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ከቆዳሽ የቀላ ፋውንዴሽን ነው። አሁንም «ፎቶ ላይ ታምሪያለሽ» እያሉ አንድ ሁለት ደረጃ አቅልተው የሚቀቡ አሉ፤ እባክሽ እሺ አትበይ። ፋውንዴሽን የሚሞከረው እጅ ጀርባ ላይ ሳይሆን መንጋጭላ ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው፤ ከአንገትሽ ጋር ተዋሕዶ ከጠፋ ልክሽ እሱ ነው። ሁለተኛው መነሻ ፍላሽ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የጸሐይ መከላከያ ቅባትና ሲሊካ የበዛበት ነጭ ፓውደር ለዓይን ባይታይም የፍላሹን ብርሃን መልሶ ይረጫል። ከካሜራው ላይ ፊት ለፊት የሚተኮስ ፍላሽ ሲሆን ይብሳል። በዋዜማው ማታ ልትቀቢ ያሰብሽውን ተቀቢና መብራት አጥፍተሽ በስልክሽ ፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሺ። ፊትሽ ከአንገትሽ ነጥቶ ከታየ የትኛው ቅባት እንደሆነ አንድ በአንድ እየቀነስሽ ታገኚዋለሽ። ብልጭልጭ ያለበትን ሁሉ ለሰርግ አቆዪው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ላብ ይመስላል።

ሌላው ዝግጅት ቀላል ነው። ቅንድብሽን የምትቀነደቢ ከሆነ ከሦስት አራት ቀን በፊት ይሁን፣ መቅላቱ እንዲጠፋ። አዲስ የፊት ቅባት በዚያ ሳምንት አትሞክሪ። ጸጉርሽን ሥራ ስትሄጂ እንደምትሠሪው ሥሪው፤ ተፈጥሯዊ ከሆነ ተፈጥሯዊ፣ የተጎነጎነ ከሆነ የተጎነጎነ። ልብስሽ ትከሻው ላይ ልክ የሆነና አንድ ወጥ ቀለም ያለው ይሁን። ጠባብ መስመርና ደቃቅ ካሬ ያለበት ጨርቅ ካሜራ ላይ የሚርገበገብ ሞገድ ይፈጥራል። ክብ አንገት ካለው ይልቅ ሹል አንገት ያለው ልብስ አንገትን ያስረዝማል። ጌጥ ከወደድሽ አድርጊ፣ ብቻ የጆሮ ጌጥሽ እየተወዛወዘ ብርሃን የሚመልስ አይሁን።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ፊት ለፊት ደረትሽን ሰጥተሽ አትቀመጪ፤ ገላሽን በትንሹ ወደ ጎን፣ ፊትሽን ወደ ካሜራ አዙሪ። አገጭሽን ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርጊ። ስታደርጊው አንገትሽን የቀጨሽ ያህል ይከብድሻል፣ ፎቶው ላይ ግን መንጋጭላሽ ይጠራል።

ፈገግታን በትዕዛዝ ማምጣት አይቻልም። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 እንደጻፈው፣ የእውነት ደስታ ከከንፈር ሌላ ዓይን ዙሪያ ያለውንም ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፤ ያ ጡንቻ ደግሞ ስላዘዝነው ብቻ አይነሳም። አንዲት ነርስ አንስቼ ነበር፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሎ፣ ከንፈሯ ተለጥጦ ዓይኗ ፈርቶ ነበር። «የሕፃን ልጅ ደም ሥር እንዴት ነው የምታገኙት?» አልኳት። እጇን ዘርግታ በአውራ ጣቷ ማስረዳት ጀመረች። «መጀመሪያ እጁን ታሞቂዋለሽ» ስትል ትከሻዋ ወረደ፣ የታችኛው የዓይኗ ሽፋን ከፍ አለ፣ አገጯም ማንም ሳይነግራት ወደ ፊት መጣ። ያን ጊዜ ነበር ያነሳኋት፤ መሥሪያ ቤቷም የመረጠው እሱን ነው። አንቺም ስለ ሥራሽ አንድ የምትወጂውን ነገር አስበሽ ሂጂ። ለወራት ያልገጠመ ሒሳብ በመጨረሻ የገጠመበትን ቀን ለፎቶ አንሺው ብታወሪለት በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ሴት ነኝ። በቅርቡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆኜ ስለተሾምኩ ፎቶዬ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ ይወጣል። ሽበት አለኝ፣ መነጽር አደርጋለሁ። ፎቶ አንሺው ወጣት ልጅ ነው፤ «አይዞዎት እናቴ፣ በኤዲት ሃያ ዓመት እቀንስልዎታለሁ» አለኝ። ልጄም መነጽሩን አውልቂ ትለኛለች። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት! ልብዎ ትክክል ነው፣ እሱን ይስሙ። መጽሔቱን ያየ ወላጅ በማግስቱ በር ላይ ሲያገኝዎት «ርእሰ መምህርቷ የት ናቸው?» ብሎ እርስዎኑ መጠየቅ የለበትም። ያ ወጣት በደግነት እንደተናገረ አልጠራጠርም፤ ግን ሃያ ዓመት ሲቀንስ እዚያ ወንበር ላይ ያደረሰዎትን ሃያ ዓመትም አብሮ ይቀንሳል። ዊሊስና ቶዶሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ሰው ያላወቀውን ፊት አይቶ «ይታመናል፣ አይታመንም» ለማለት አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይበቃዋል። በዚያች ቅጽበት የሚያዩት የእርስዎን ፊት ይሁን።

እኔ ኤዲት ሳደርግ የምከተለው ይህን ነው፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ የሚጠፋ ነገር፣ ለምሳሌ ብጉርና ጭረት፣ ይነሳ። የማይጠፋው፣ ማርያም የሳመችዎት ምልክት፣ ጠባሳ፣ የፈገግታ መስመር፣ ይቆይ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ሥር ያለ ጥላ በመጠኑ ሊቀልል ይችላል። ይህን ከመነሳትዎ በፊት ለልጁ ይንገሩት፤ ከሠራው በኋላ ማስመለስ ለሁለታችሁም ያስቸግራል።

መነጽርዎን በየቀኑ የሚያደርጉ ከሆነ አያውልቁ። ሲያወልቁት አፍንጫዎ ላይ የሚቀረው ምልክት ይታያል፣ ዓይንዎም ባዶ ሆኖ ይጠብባል። ነጸብራቁን ለማጥፋት መብራቱ ከፍ ብሎ ከጎን ይምጣ፤ የመነጽሩም እጀታ ከጆሮዎ በጥቂቱ ከፍ ቢል መስታወቱ ወደ መሬት ያጋድልና ነጸብራቁ ይሸሻል። ከፎቶው ላይ አይታወቅም። ጸሐይ ሲያገኝ የሚጠቁር መስታወት ከሆነ ግን ደጅ አይነሱ፣ ዓይንዎ ይሸፈናል።

ፓውደር ሽብሽብ ውስጥ ገብቶ ስለሚያጎላው ያሳንሱት፤ ፊትዎን ቅባት በደንብ አጠጥተው ላብ በሚወጣበት ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ነካ ያድርጉ። ሽበትዎ ከጠቆር ያለ ጀርባ ፊት ያበራል። ነጭ ግድግዳ ላይ ግን ዳርቻው ስለሚጠፋ ልጁ ሌላ ጀርባ እንዲፈልግ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ተመረቅሁ፤ ሥራ እያመለከትኩ ነው። ለፎቶ አንሺ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ወንድሜ በስልክ ሊያነሳኝ ነው። ያሳፍራል እንዴ?

መልስ፦ በፍጹም አያሳፍርም። የስልኩን ሌንስ ጥረጉት፤ የኪስ ቅባት ፎቶን ጭጋግ ያለብሳል። በፊት ለፊቱ ሳይሆን በኋላኛው ካሜራ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቆ፣ 2 እጥፍ አቅርቦ ያንሳሽ። ስልኩ በዓይንሽ ቁመት ይሁን፤ ወንድምሽ ከረዘመ ጎንበስ ይበል።

ቀጥታ ጸሐይ የማይገባበት መስኮት ፈልጊና የጣሪያውን መብራት አጥፊ፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል ግማሽ ፊት ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። መስኮቱ ከፊትሽ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን እንጂ ከኋላሽ አይሁን። ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቂ፣ ጥላሽ እንዳያርፍበት። ፊትሽ ላይ ስክሪኑን ይንካና ብርሃኑን በጣቱ ጥቂት ከፍ ያድርግ። የማስዋቢያ ፊልተሩን ያጥፋው። ጀርባን የሚያደበዝዘው ሞድም የጸጉርን ዳር፣ በተለይ ጥቅልል ጸጉርን፣ ስለሚቆርጠው ያለ እሱም አንሡ።

ወንድምሽ ብዙ ያንሳሽ፤ በየመሃሉም አናግሪው። ሊንክዲን ፎቶውን በክብ ስለሚቆርጠው ከራስሽ በላይ ክፍት ቦታ ይተው። የመረጥሽውን አሳንሰሽ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል አድርገሽ እዪው፣ አሠሪው መጀመሪያ የሚያየው በዚያ መጠን ነው፤ ዓይንሽ በዚያ መጠንም ካልታየ ሌላ ምረጪ። ወንድምሽ በቴሌግራም ሲልክልሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።