ለ112 ሊትር ገንዳ ስፖንጅ ወይስ ካኒስተር?

ሰላም ወንድሜ። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር ለሆነ ገንዳ፣ ጉፒና ኒዮን ቴትራ ለማኖር፣ ስፖንጅ ፊልተር (በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ) ይበቃኛል ወይስ ካኒስተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ በሞተር የሚሠራ የታሸገ ፊልተር) ልግዛ ብለህ ነው የጠየቅከው። ለእነዚህ ዓሦች ስፖንጅ ይበቃል። አንድ ትልቅ ከመግዛት ግን ሁለት መካከለኛ ይሻልሃል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኘዋለህ።

ብዙ ሰው ፊልተርን እንደ ወንፊት ያየዋል። ቆሻሻ መያዙ እውነት ነው፤ ዓሣውን በሕይወት የሚያቆየው ግን ውስጡ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣው የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ይገድላል። ናይትሬትን ግን በመጠኑ ከሆነ ዓሣው ይችለዋል፤ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ስትቀይርም ይቀንሳል። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ ዓሣ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፊልተር ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው ባክቴሪያ የሚያርፍበት ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

ቀጥሎ የውሃው ፍሰት ይመጣል። ገንዳህ 112 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ወደ 95 ሊትር ይሆናል። በሞተር ለሚሠራ ፊልተር በሰዓት ከዚህ ከ4 እስከ 5 እጥፍ፣ ማለትም ከ380 እስከ 475 ሊትር ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ባዶውን የተለካበት ነው። ስፖንጅና ሴራሚክ (ባክቴሪያ የሚያርፍበት ቀዳዳ የበዛበት ቁራጭ) ሲገባበት፣ ቆይቶም ሲቆሽሽ፣ ፍሰቱ በጣም ይወርዳል። መውጫው ላይ ባለ 1 ሊትር ዕቃ ደቅነህ ሰዓት ያዝ፤ በ9 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 400 ሊትር ማለት ነው። በአየር ለሚሠራ ስፖንጅ ይህ ስሌት ብዙም አያስጨንቅህ፤ ውሃው በዝግታ ቢያልፍም የሚያልፈው በሰፊ ስፖንጅ ውስጥ ነው።

ካኒስተር መጥፎ ሆኖ አይደለም። ገንዳው ከ200 ሊትር ሲበልጥ ወይም ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ እንደ ጎልድፊሽ ያለ ዓሣ ሲኖር እኔም እሱን እመርጣለሁ። ጉፒ ግን ቶሎ ቶሎ ይወልዳል፤ ጫጩቶቹን የሞተሩ መሳቢያ ይጎትታቸዋል። ረጅም ጅራት ያለው ወንድ ጉፒም ከኃይለኛ ፍሰት ጋር ሲታገል ይደክማል። በሞተር የሚሠራ ፊልተር ካለህ መሳቢያውን በስፖንጅ ሸፍነው።

ሁለቱን ስፖንጆች በገንዳው ሁለት ጫፍ፣ እኩል ጥልቀት ላይ አስቀምጣቸው። ከአንድ የአየር ፓምፕ የሚከፋፈሉ ከሆነ አንዱ ከፍ ካለ አየሩ ወደ እሱ ያደላል። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይቀመጥ። ቦታ ካጣህ ቱቦው ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ግጠም፤ ያለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ቫልቩን በአፍህ ነፍተህ ሞክረው፤ ስትነፋበት አየር የሚያሳልፈው ጫፍ በፓምፑ በኩል ይሁን።

ብዙ ገንዳ የሚበላሸው በአጠባ ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠብ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ውሃ ስትቀይር ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፤ እንደ አዲስ ካልነጣ ብለህ አትልፋ። ዛሬ አንዱን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላውን። ሁለት ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲታጠብ የሌላው ባክቴሪያ ሥራውን ይቀጥላል። በየወሩ አዲስ ስፖንጅ ቀይሩ የሚለውን መመሪያም አትከተል፤ ስፖንጅ የሚቀየረው ሲፈራርስ ብቻ ነው። ካርቦን (ፊልተር ውስጥ የሚገባ ከሰል) ለዓሦቹ መድኃኒት ከሰጠህ በኋላ ቅሪቱን ለማውጣት ይጠቅማል፤ ለዘወትር ግን አያስፈልግህም።

አዲስ ፊልተር በገጠምክበት ቀን ዓሣ አትጨምር። ባክቴሪያው እስኪራባ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ጤነኛ ዓሣ ካለበት የቆየ ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ካገኘህ በጣም ያጥራል። በመሐል ውሃው ወተት መስሎ ቢደፈርስ ፊልተሩን አትቀይር፤ በራሱ ይጠራል። በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምረህ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ከወረደ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ግማሹን ውሃ ቀይረህ ዓሦቹን ጥቂት ጥቂት እያደረግህ ጨምር።

ወደፊት ካኒስተር ብትገዛ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ተጠንቀቅ። የታሸገ ስለሆነ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ባክቴሪያው ይሞታል። መብራቱ ሲመለስ እንዲሁ ካስነሳኸው የሸተተው ውሃ በሙሉ ወደ ገንዳው ይገባል። መጀመሪያ ከፍተህ ውሃውን ድፋ፣ ስፖንጁንና ሴራሚኩን በገንዳ ውሃ አለቅልቅ፣ ከዚያ አስነሳው፤ ለቀጣዮቹ ቀናትም አሞኒያውን በየቀኑ ለካ።