በብሎን የተደፈነው ቱቦ

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳት በ1982 እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥቁር ጭስም አላት። መካኒክ አንዱን ቱቦ «ትርፍ ነው» ብሎ በብሎን ደፈነው። አሁን ደግሞ ሞተሩ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ልጄ፣ ብሎኑን ዛሬውኑ አውጣው! ቤንዚን ሲቃጠል ትንሽ ጋዝ በፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ያ ቱቦ እየሳበ መልሶ ያስቃጥለዋል። መውጫ ሲያጣ ይታመቅና ዘይቱን የሞተሩን መገጣጠሚያ በሚደፍነው ጋርኒሲዮን በኩል ይገፋዋል።

መስመሩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ አለች። ሞተሩ ሲበርድ ፍታትና ጆሮህ ስር ነቅነቅ አድርጋት። ኳ ኳ ካለች ደህና ናት። ዝም ካለች ቆሻሻ ይዟታል፤ ቀይራት። እኔ አንዴ የፈታኋት ውስጧ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ቱቦውንም እጠፈው፤ ከተሰነጠቀ አየር ያስገባል፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ጥቁሩ ጭስ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እይ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከዚያ በኋላ ታስነካለህ።