እጁን ከምታዩበት ቦታ ቁሙ

ልጆቼ፣

በርሊን የምትኖር አንዲት ወጣት የቴክኖ (በኤሌክትሮኒክ ማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ) ዲጄውን ጄፍ ሚልስን ልይ አልይ እያለች ስታመነታ፣ «ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ቁልፍ ሲነካካ ለማየት ያን ሁሉ ገንዘብ ላውጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር። ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። «ሌላ ጊዜ እናየዋለን» እየተባለ ስንቱ ሰው ሳይታይ አለፈ!

የማስበው ቶኒ አለንን ነው። የፌላ ኩቲ ከበሮ መቺ የነበረው፣ አፍሮቢት የሚባለውን ምት በአራቱም እግርና እጁ ያቆመው ናይጄሪያዊ። ሚልስ ደግሞ በ1963 ዲትሮይት ተወልዶ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1980ዎቹ «ዊዛርድ» በሚል ስም በከተማው ሬዲዮ ሸክላ ሲያጫውት የቆየ፣ ከማይክ ባንክስ ጋር አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የተባለውን የቴክኖ ቡድን የመሠረተ፣ በ1992 አክሲስ የተባለውን የራሱን አሳታሚ ያቋቋመ ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ አብረው መድረክ ላይ ወጡ፤ በ2018ም ብሉ ኖት በተባለው የጃዝ አሳታሚ በኩል አንድ አጭር ሥራ አሳተሙ።

እዚያ መድረክ ላይ ምን ይሆን እንደነበር ልንገራችሁ። ሚልስ ፊት ያለው ሮላንድ ቲአር-909 ነው፤ በ1983 የወጣ፣ 10,000 ገደማ ብቻ የተሠራ ድራም ማሽን፣ የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ። ከፊቱ 16 ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አራት አራት እየሆኑ አንድ ባለአራት ምት ዙር ይሞላሉ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ወፍራም ከበሮ)፣ ስኔርና ቶም የሚባሉት ሌሎቹ ከበሮዎች፣ ጭብጨባውም በአናሎግ ሰርኪት ነው የሚፈጠሩት። ሃይ-ሃቱና ሲምባሎቹ (የብረት ሳህኖቹ) ግን በ6 ቢት፣ በዝቅተኛ ዲጂታል ጥራት፣ የተቀዳ እውነተኛ ድምፅ ናቸው፤ ያ ሻካራነታቸው ከዚያ ይመጣል። ኪኩም ሃይ-ሃቱም የየራሳቸው የመጠን ማዞሪያ አላቸው። ማሽን ግን ሰው አይጠብቅም። ከበሮ መቺ ትንሽ ሲያዘገይ ወይም ሲቀድም ማሽኑ በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ስለዚህ ወይ ከበሮ መቺው ለማሽኑ ይገዛል፣ ወይ ማሽኑን የያዘው ሰው እጁን ከፍጥነት ማዞሪያው ላይ ሳያነሳ ይከተለዋል። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ኪኩን ዝም አሰኝቶ ሃይ-ሃቱን ብቻ መተው። ያኔ ወለሉ ለከበሮ መቺው ይለቀቃል፤ ትንሿ መዛነፍም ጆሮ አትቆረቁርም። እንዲህ ያለ ንግግር በሁለት ሰዎች መካከል ሲካሄድ ዓይን ማየት አለበት።

አለን በኤፕሪል 30 ቀን 2020 ፓሪስ ውስጥ በ79 ዓመቱ አረፈ። ሚልስ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከዣን-ፊ ዳሪና ከታብላ መቺው ከፕራቡ ኤድዋርድ ጋር ቀጥሏል፤ ግሩም ነው። ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ፣ ኬቪን ሳንደርሰን፣ ቴክኖን ዲትሮይት ላይ ያስጀመሩት ሰዎች፣ እነሱም ስልሳን አልፈዋል። ልጄ፣ ገንዘቡን አውጪው።

አሁን ወደ «ቁልፍ መነካካቱ»። ሚልስ በሦስት ሸክላ ማጫወቻ ሲሠራ አስቡት። አንዱ ሸክላ በደቂቃ 132 ምት ነው፣ ሌላው 135። አንደኛውን ወደ ሁለተኛው ለማምጣት በፍጥነት ማስተካከያው 2.27 በመቶ መጨመር ይጠይቃል፤ ቴክኒክስ 1200 በተባለው ማጫወቻ ላይ ያ ማንሸራተቻ እስከ 8 በመቶ ይሄዳል። 0.1 በመቶ ብቻ ቢሳሳት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ኪኮች በ60 ሚሊሴኮንድ ይለያያሉ፤ ፈረስ ሲጋልብ የሚሰማውን ዓይነት ድርብ ድምፅ ትሰማላችሁ። ለዚህ ነው ጣቱ የሳህኑን ጠርዝ ነካ አድርጎ የሚመለሰው። ያቺ ንክኪ ጌጥ አይደለችም፤ በሰከንድ ክፍልፋይ የዘገየውን ምት መመለሷ ነው። ሁለት ኪክ ተደራርቦ ባሱ ሲያብጥ ወይም በተቃራኒው ሲሳሳ ደግሞ እጁ ወደ ሚክሰሩ (ድምፅ ማደባለቂያው) ሄዶ የአንዱን ባስ ይቆርጣል። ሦስተኛው ሸክላ በዚህ መሃል በሄድፎን እየተደመጠ ነው።

እነዚህን ለማየት ከእጁ በኩል፣ ከጎን ቁሙ። ለመስማት ግን ሌላ ቦታ ነው የሚሻለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ አዳራሽ ብዙ የለም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከጎን ሆናችሁ እዩ፣ ከዚያ ወደ መሃል ሂዱ። በግራና በቀኝ ካሉት ሞንታርቦዎች እኩል የምትርቁበት፣ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰር ካለበት አካባቢ ነው የሚጥመው፤ እሱ ድምፁን የሚያስተካክለው ለዚያ ቦታ ነውና። ግድግዳና ጥግ ላይ አትጠጉ። የ50 ኸርዝ ባስ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥግ ላይ ይጠራቀማል፣ ሃይ-ሃቱን ይውጥባችኋል።

የእኛ ልጆች «ቴክኖ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ይገባኛል። ጆሯችን በችክችካ ያደገ ነው፤ በስድስት ስምንተኛ የሚወዛወዝ፣ ትከሻ የሚጠራ ምት ነው የለመድነው። ቴክኖ ኪኩን አራት ጊዜ ቀጥ አድርጎ ይረግጣል። ኪኩን ካዳመጣችሁ በእርግጥ አንድ ዓይነት ነው! ኪኩን ለእግራችሁ ተዉትና ጆሯችሁን ሃይ-ሃቱና ራይድ የሚባለው ሲምባል ላይ አድርጉ፤ በየ32 ምቱ፣ በ135 ፍጥነት 14 ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው፣ ምን እንደተጨመረና ምን እንደተነሳ ቁጠሩ። ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉን የመሳሰሉ፣ የአገራችንን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ያዋሃዱ ልጆች የሠሩትን የሰማ ሰው ይህን አደማመጥ ቶሎ ይለምደዋል።

ዛሬ ትዕግሥት ጠፍቷል። አንድ ነገር 15 ሰከንድ ካልማረካችሁ ታልፉታላችሁ። በእርግጥ ሚልስ ራሱ አንዱን ሸክላ ሁለት ደቂቃ ሳያቆይ የሚያነሳበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በ1995 ቶኪዮ ሊኩዊድ ሩም በተባለው ክለብ ውስጥ የተቀዳው ሥራው በአንድ ሲዲ ላይ ከ30 በላይ ሸክላ ይዟል። እዚያ ላይ የመርፌው መንጨርጨር፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ ምቱ ሸርተት ብሎ ሲመለስ ሁሉ ይሰማል። ሳይታጠብ መውጣቱ ነው ያስወደደው። የሲንክ ቁልፍ (የሁለቱን ሙዚቃ ምት በራሱ የሚያገጣጥመውን) ተጭናችሁ ለምትሠሩ ጀማሪ ዲጄዎች ይህን ደጋግማችሁ ስሙ እላለሁ። ሲንክን አልጠላም፤ እጃችሁ ምን እንደተነጠቀ ግን እወቁ።

ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱት። የበርሊን ክለቦች በር ላይ ካሜራው ላይ የሚለጥፉት ወረቀት ደግ ሥራ ነው። የስልክ ማይክ ያን ባስ አይችለውም፤ የተቀዳው ሁሉ የተሰነጠቀ ጩኸት ይሆናል። እጁን በቪዲዮ ማየት ከፈለጋችሁ እሱ ራሱ በ2004 ያወጣው ኤግዚቢሽኒስት አለ፤ ካሜራዎቹ ማጫወቻዎቹና እጆቹ ላይ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት እዩት።

ስለ ጆሮ አጥብቄ እናገራለሁ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ክለብ ውስጥ 100 ብርቅ አይደለም። የስፖንጅ መድፈኛ ከባሱ ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያፍን ሙዚቃው ይደፈርሳል፤ ማጣሪያ ያለውን፣ ሁሉንም ድምፅ ተቀራራቢ በሆነ መጠን ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል የሚቀንሰውን ግዙ። ስፖንጅ ብቻ ካላችሁ ግን አጥብቃችሁ አድቦልቡሉት፣ በሌላ እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ጫፉ ብቻ ከገባ ምንም አልሠራም። ጓደኛ ለማናገርም አታውጡት፤ ወደ ውጭ ውጡና አውሩ።

በርሊን ውስጥ ዋናው ዲጄ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ሊጀምር ስለሚችል ቀን ተኙ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በሜይ መጨረሻ፣ በሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜና እሁድ፣ ዲትሮይት ሃርት ፕላዛ ላይ የሚደረገው ሙቭመንት የተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ይሻላችኋል፤ ዋናው ዝግጅት ከቀን ይጀምራል። ዲትሮይት ከደረሳችሁ ኢስት ግራንድ ቡለቫርድ ቁጥር 3000 ያለውን ትንሽ የቴክኖ ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። በቀጠሮ ነው የሚገባው፤ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።