በምርጫው ዕለት ግቢ ውስጥ ካልኖርንስ?

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የተማሪዎች ህብረት ምርጫ የሚካሄደው እኔና የክፍሌ ልጆች ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል በምንመደብበት ሳምንት ነው። አስመራጭ ኮሚቴውን ስንጠይቅ «ደንቡ በአካል ተገኝቶ ይላል፤ ካልሆነ ለጓደኛችሁ ውክልና ስጡ» አሉን። አንደኛው አባል ደግሞ የምንመርጠውን በቴሌግራም እንድንልክለት ነገረን። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትቀበሉ። የወከልሻት ልጅ ያልሻትን ትምረጥ አትምረጥ በምን ታውቂያለሽ? ከክፍላችሁ ዞሮ አሥር ውክልና የሰበሰበ እጩም አሥር ድምፅ በኪሱ ያዘ ማለት ነው። ቴሌግራሙማ ይብሳል፤ ስምሽና ምርጫሽ አንድ ላይ ሆነው ሰው ስልክ ውስጥ ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ ደንቡን ራስሽ አንብቢው፤ ኮሚቴው በቃል የነገረሽ አይበቃም። «በአካል ተገኝቶ» ካለ፣ የት ተገኝቶ ይላል? የምርጫ ቦታ መወሰን ለኮሚቴው የተተወ ከሆነ ደንብ ማሻሻል ሳያስፈልግ ኮሮጆው ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። የኮሚቴ ሰዎች፣ የእጩዎች ታዛቢዎች፣ የታሸገ ኮሮጆና ከሬጅስትራር የተወሰደ የስም ዝርዝር ይበቃል። ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ቢቀመጥ የሌሊት ተረኞችም አይቀሩም። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1864ቱ ምርጫ፣ ብዙ ወታደሮች በሰፈሩበት ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል። ጦር ሰፈር የደረሰ ኮሮጆ ሆስፒታል አይደርስም የሚል ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ።

በየቦታው ተበታትናችሁ ከሆነ ግን ሁለት ፖስታ ጠይቁ። ድምፅ የሰጠሽበት ወረቀት ምንም ያልተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል፤ እሱ ደግሞ ስምሽ፣ የመታወቂያ ቁጥርሽና ፊርማሽ ያለበት ሌላ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ኮሚቴው በውጪው ፖስታ ማንነትሽን አጣርቶ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የውስጠኛውን ሳይከፍት ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅለዋል።

መቀላቀሉ ላይ አጥብቂ። አንድ ጊዜ ታዛቢ ሆኜ በተቀመጥኩበት ቆጠራ፣ ከአንድ ትምህርት ክፍል ርቀው የነበሩ አራት ልጆች ድምፅ ለብቻው ተቆጥሮ ጮክ ተብሎ ተነበበ። አራቱም ለአንድ እጩ ነበር። ምስጢር የሚባል ነገር እዚያው አበቃ፤ የተሸነፈው እጩ ደግሞ አራቱንም በስም ያውቃቸዋል። የራቁት ድምፆች ከግቢው ኮሮጆ ወረቀት ጋር ሳይደባለቁ አንድም እንዳይቆጠር በደብዳቤያችሁ ላይ ይስፈር።

በኢንተርኔት ይሁን የሚልም አይጠፋም። ይቻላል፣ ግን በይለፍ ቃል ብቻ ከሆነ እኔ አላምነውም። በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳን ማርኮስ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ለተማሪዎች ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ልጅ በግቢው ኮምፒውተሮች ላይ የሚተየበውን የሚቀዳ መሣሪያ ሰክቶ ከ700 በላይ ተማሪዎችን የይለፍ ቃል ሰረቀና በብዙዎቹ ስም ለራሱ መረጠ። የተነቃበት ድምፁ ከአንድ ኮምፒውተር ሲጎርፍ የኔትዎርክ ሠራተኞች ስላዩ ነው፤ የአንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምራ በኢንተርኔት የምታስመርጠው ኢስቶኒያ ያመጣችው አንድ ብልሃት ግን ደስ ይለኛል፦ መራጩ ደግሞ መምረጥ ይችላል፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው። አጠገብሽ ቆሞ ያስመረጠሽ ሰው ሲሄድ ታስተካክያለሽ።

ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ግን የጊዜ ሰሌዳው ነው። እጩዎች ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ከጸደቁ ወረቀቱ ታትሞ፣ እናንተ ጋ ደርሶ፣ የሚመለስበት ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ሦስት ቀን እንዲቆረጥላችሁ ጠይቁ፦ የእጩዎች ዝርዝር የሚዘጋበት፣ ወረቀቱ የሚላክበት፣ ፖስታው ተመልሶ የሚገባበት። መለያ ዙር ካለ ለእሱም እንዲሁ፤ ይሄ ሁልጊዜ ይረሳል። ከትምህርት ክፍላችሁ ማህተም ያለበትን የልምምድ ምደባ አያይዙ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡና የገባበትን ቀን እጃችሁ ላይ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስጽፉ።